የጋለው ኮምፒውተር

አብዱልናስር ሲግናል ሰፈር ባለው ቤቱ ለኮምፒውተሩ አዲስ ፕሮሰሰር ባስገባ ማግስት ኮምፒውተሩ ጋለ፤ ትንሿን ልጁን ሀውላንም አተኮሳት። አቧራውን ጠረገ፤ ሁለተኛ ፋን ጨመረ። ሀውላ ተንቀጠቀጠች። የሁለቱም ግለት ግን አልበረደም።

ሚስቱ መብሩካ፣ «አንተ፣ ልጅህ እየነደደች ብረት ታክማለህ?» አለችው።

«የሚያበላን ብረቱ ነው። ለሷ ሽሮፕ ስጫት» ብሎ ሳቀ። ኮምፒውተሩ እስኪበርድ ብሎም ሶኬቱን ነቀለ።

«ያ አላህ! መተንፈስ አቆመች!»

ደንግጦ መልሶ ሰካው። ሀውላ አየር ሳበች።

አላመነም። ልጅቷን እያየ እንደገና ነቀለው። ትንፋሿ ቆመ፤ ከንፈሯ ጠቆረ። መልሶ ሰካው። ተነፈሰች።

መብሩካ ገፍትራው ሶኬቱን በሁለት እጇ ግድግዳው ላይ ተጭና ያዘች። «ሁለተኛ እንዳትነካው!»

«አልነካም» አላት።

ከጎረቤት አንድ ሰው፣ «ኤጭ! መብራት ሄደ!» አለ።