ከመጋረጃው ወዲህ

ልብስ ሰፊዋ ያንን መጋረጃ ስትጠላው ኖራለች። ለሌላው ሰው ደንበኛ ልብስ የሚለካበት፣ የሱቁ ጥግ ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ቡናማ ጨርቅ ነው። ለእሷ ግን ልጇ አባቷን የምታገኝበት ጓዳ ነው። አባትየው የካቶሊክ ካህን ነው፤ ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወልድም ብሎ የማለ። ስለዚህ ያልተቀደደ የካህን ቀሚሱን ጠቅልሎ "ይጠገንልኝ" እያለ ይመጣል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ይገባል፣ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያንሾካሹካል። እናትየዋ ደግሞ ድምፃቸው መንገድ ላይ እንዳይሰማ የስፌት መኪናዋን ባዶውን ትረግጣለች። ጨርቅ የለ፣ ክር የለ፣ ዝም ብሎ ኳኳታ።

ይህን ሁሉ ችላው ነበር። አንጀቷን የበላት ሌላ ነው። በቀደም የልጅቷ አስተማሪ አስጠርታ፣ "ልጅሽ ጎበዝ ናት፤ ግን ድምፅ የላትም። ስትጠየቅ በሹክሹክታ ነው የምትመልሰው። ጉሮሮዋን ለሐኪም አሳዪላት" አለቻት። እናት ምን ትበል? ጉሮሮዋስ ደህና ነው፣ የዘጋው መጋረጃ ነው ትበል?

ዛሬ የምትሰፋው ቀሚስ አይደለም፣ ሱሪ ነው። ሰውየው ለጳጳሱ ሁሉንም ነግሮ ክህነቱን ለቋል። ከመጋረጃው ጀርባ በካናቴራ፣ በስፒል የተያያዘ ሱሪ አድርጎ ቆሟል። ልጅቷ የስፒሉን ቆርቆሮ ታቅፋ እግሩ ሥር ተቀምጣለች።

"ሆድህን አታስገባ" አለችው ሴትየዋ። "ቀሚሱ ነበር የሚደብቅልህ፤ ሱሪ ምስጢር አያውቅም።"

"እማዬ፣ ሳቀ" አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

ሴትየዋ መቀስ ልታመጣ ወደ መኪናዋ ስትመለስ፣ ከሀገረ ስብከቱ የተላኩ አንድ ሽማግሌ ካህን በሩ ላይ ቆመው አየች። ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሽ ጠፋ። እሷም ተቀመጠች፤ እግሯ ሳታዝዘው መርገጫው ላይ ወጣና መኪናው ባዶውን ይንኳኳ ጀመር። ልማድ ክፉ ነው።

"እንደምን ዋልሽ ልጄ።"

"እግዜር ይመስገን አባ። ይግቡ።"

ገቡ እንጂ አልተቀመጡም። "ስለ እሱ ነው የመጣሁት። ወንድማችን ነው፣ ሜዳ ላይ አንጥለውም። ሩቅ ከተማ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የማስተማር ሥራ አግኝተንለታል። ማደሪያም አለው። ነገ የሚሄድ መኪና አለ። ብቻ… ብቻውን ነው የሚሄደው። ለጊዜው።"

"ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው አባ?"

"ነገሩ እስኪረሳ።"

"የትኛው ነገር?"

ሽማግሌው ወደ መንገዱ ዞር ብለው አዩ። "አታስቸግሪን ልጄ። እሱ ራሱ እሺ ብሏል።"

እግሯ ቀጥ አለ። መኪናው ዝም ሲል ሱቁ ጭር አለ።

ተነሳች። መጋረጃውን ጨብጣ ከነሽቦው ጎተተችው። ምስማሩ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሰውየው እንዳለ ታየ፤ በካናቴራ፣ አንዱ የሱሪ እግር አጭር፣ አንዱ ረጅም፣ ልጁ ጉልበቱ ላይ ተጣብቃ። ከመንገዱ ማዶ የሚሠራው ጫማ ሰፊ መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ።

"እሺ ብለሃል?" አለችው።

"ዝም ነው ያልኩት።"

"ዝምታህን እንደ እሺታ ወሰዱልህ። በል አሁን ተናገር። እኔ እንደሆንኩ አልለምንህም፤ እስከ ዛሬ አሳድጌያታለሁ፣ ነገም አሳድጋታለሁ። ግን ከሄድክ ሄድክ ነው። ደግሞ ቀሚስ ጠቅልለህ እንዳትመጣ። የምትገባበት ጀርባ የለም።"

ሰውየው ወደ ልጁ አየ። ከዚያ ወደ መንገዱ። ጫማ ሰፊው አሁንም መዶሻውን አላወረደም።

"አልሄድም አባ" አለ። ቅዳሴ ላይ ብቻ የምታውቀው ድምፁ ነበር፤ እዚህ ሱቅ ውስጥ ወጥቶ አያውቅም። "እዚያው ፊታችሁ ልለው ይገባኝ ነበር። አልሄድም።"

ሽማግሌው ግንባራቸውን አሻሹ። ከተቆጣ ሰው ይልቅ የደከመው ሰው ይመስሉ ነበር። "ሰው ምን ይላል?"

"ያሻውን ይበል" አለች ሴትየዋ። "ልትረዱት ከሆነ እዚሁ እርዱት። ማስተማር ይችላል፣ እዚህም የሚማር ልጅ ሞልቷል። እርስዎም ይምጡ፣ ወንበር አለ። በቀን ይምጡ እንጂ፣ በፊት ለፊት።"

ሽማግሌው ልጅቷን አዩ፣ ሱሪውን አዩ።

"ግራው አጥሯል" አሉ በመጨረሻ።

"አውቃለሁ አባ። ገና አልጨረስኩም።"

ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። እመጣለሁም አልመጣምም አላሉም።

ሴትየዋ መጋረጃውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሱሪው ኪስ አልገባለትም ነበር። መቀሱን አንስታ ከመሃሉ፣ ደህናው ቦታ ላይ፣ ለኪስ የሚሆን ቆረጠችለት። ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስገባች፣ ክሩን ሳበች፣ ረገጠች። መኪናው ሥራ ሲያገኝ ድምፁ ሌላ ነው።

ልጅቷ በሩ ጋ ሄዳ ጸሐይ ላይ ቆማለች። ከዚያ ሆና ዞራ አንድ ነገር ተናገረች። ኳኳታው ዋጠው።

"ምን አልሽ?" አለ አባቷ።

እንደገና ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እናትየዋ መኪናውን ልታቆምላት እግሯን ላላ አደረገች። ከዚያ ተወችው። እንዲያውም ጠንከር አድርጋ ረገጠችው።

ልጅቷ አየር ሳበች።

"አባዬ!" አለች፤ ከመንገዱ ማዶ ጫማ ሰፊው ቀና አለ።