ባለፉጨቱና ዳገቱ

«በል አሁን ርገጣት!» አለ መካኒኩ፣ ራሱን ከኮፈኑ ሥር ሳያወጣ።

ባለፉጨቱ ነዳጅ መስጫውን ረገጠ። ሞተሩ አገሳ፤ እንደወትሮው ግን ጥቁር ጭስ አልተፋም። ፉጨቱም የለም። ሰፈሩ ባለፉጨቱ ብሎ ስም ያወጣለት በዚህች በአራቱም ጎማ በምትጎትት የናፍጣ መኪና ፉጨት ነውና ልቡ ድንግጥ አለ።

«ፉጨቷስ? ቱርቦዋን ገደልካት እንዴ?»

መካኒኩ ካቻቢቴውን ይዞ ብቅ አለ። «ይሄን ወፍራም የጎማ ቱቦ አየኸው? አፉ ላይ የሚያስረው ፋሸታ ላልቶ፣ ቱርቦው የሚገፋው አየር ሞተር ሳይደርስ በመንገድ ይወጣ ነበር። ይኸው ስንት ዘመን ጉልበትህን ስታፏጨው ኖረሃል።»

በዚህ ፉጨት ስንት ሰው ፊት ደረቱን ነፍቷል። «ስሙልኝማ፣ ቱርቦ እኮ ናት!» እያለ ስንቱን እንግዳ ኮፈን ሥር አስጎንብሷል። አሁን ግን ማዘኛ ጊዜ የለውም። ቤቱ ያለው ዳገቱ አናት ላይ ነው። መኪናዋ ደግሞ ሞተሯ ዝቅ ባለ ዙር ሲዞር ጉልበት የሚባል ነገር ስለሌላት፣ የዳገቱ ወገብ ላይ ካለው የመብራት ምሰሶ ስትደርስ ታቃስትና ቀጥ ትላለች። ከዚያ ሚስቱና ልጆቹ ወጥተው ይገፋሉ። እሱስ ይሁን፣ ቤተሰብ ነው። ሰሞኑን ግን አማቱ ሊጠይቋቸው መጥተው፣ በር ላይ ቆመው የሚሆነውን ሁሉ ያያሉ። ምንም አይሉም። ያ ምንም አለማለታቸው ነው እንቅልፍ የነሳው። ዛሬ ጠዋት ታዲያ በአማቱ ፊት፣ «ያለ ማንም እጅ ግቢ ድረስ ካልገባሁ ወንድ አትበሉኝ!» ብሎ ፎክሮ ወጥቷል።

«ግባ» አለው መካኒኩን። «ምስክር ትሆነኛለህ።»

ዳገቱን ተያያዙት። ገና ከሥር ሲነሱ ጀርባቸው ከወንበሩ ጋር ተለጠፈ። ባለፉጨቱ ልማድ ሆኖበት ወደ አንደኛ ማርሽ ሊመልሳት ሲል መካኒኩ እጁን መታው።

«ተዋት! ራሷ ታውቃለች።»

እውነትም አወቀች። ምሰሶውን ጥላው ሽቅብ ነጎደች። ባለፉጨቱ ምሰሶውን እጁን እያወዛወዘ ተሰናበተው፤ ደስታው እንባ አስቋጠረው፤ እሱም አላፈረበትም።

አጥሩ ጋ ሲደርስ ግን የሳቅ ድምፅ ሰማና ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ቁመታም ስለሆነች ግቢው ከላይ ወለል ብሎ ይታያል። መንገዱ ላይ የናፍጣ መኪና ቀኑን ሙሉ ስለሚመላለስ ከግቢ ማንም ዞር ብሎ አላየም።

ግቢው መሀል የሱ ወንበር ወጥቷል። በሱ ወንበር ላይ አማቱ ተቀምጠዋል። እነዚያ እሱ ባለበት ቃል የማይወጣቸው፣ ሳል ቢመጣባቸው እንኳ ጓዳ ገብተው የሚስሉ ሴት፣ ትልቅ ትሪ እንደ መሪ ይዘው ግራና ቀኝ ያዞራሉ። የቱርቦዋን ፉጨት በከንፈራቸው ቁርጥ እሷን አስመስለው ያፏጫሉ። ፉጨቱ ሟሸሸ፤ መኪናዋ ምሰሶው ጋ ቀጥ አለች ማለት ነው። አማቱ ደረታቸውን ነፍተው፣ በሱው ድምፅ፣ «ስሙልኝማ፣ ቱርቦ እኮ ናት!» አሉ። ልጆቹ እየተንከተከቱ ወንበሩን ከኋላ ይገፋሉ። ሚስቱ ግድግዳ ተደግፋ ሆዷን ይዛለች።

ባለፉጨቱ ፊቱ ጋለ። ለካ በገዛ ግቢው መሳቂያ ኖሯል! ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቅ አፈነው፤ ማርሽ ሲቀይር ምላሱን የሚነክሳትን ነገር እንኳ አማቱ አልረሷትም። ሚስቱ እንዲህ ስትስቅ ካያት ስንት ጊዜው ነው? እሱ ሲገባ ወንበሩ ሳሎን ነው፣ ትሪው ጓዳ ነው፣ አማቱም ጥጋቸውን ይዘው ኮስተር ብለዋል። አሁን ገባው። ፉጨቱን ገና ከዳገቱ ሥር ይሰሙታል።

መካኒኩም አንገቱን አስግጎ አየ። «ግባና እጅ ከፍንጅ ያዛቸዋ!»

«ብገባማ እማማ በእፍረት ይሞታሉ። ሁለተኛ እዚያ ወንበር ላይ አይቀመጡም።»

«እና? ጡሩምባ ንፋ።»

«ጡሩምባማ መንገደኛው ሁሉ ይነፋል። እነሱ የሚያውቁት ፉጨቷን ነው።» የኋላ ማርሽ አስገባና ቁልቁል ወረደ። ከዳገቱ ሥር ሲደርስ፣ «ፋሸታውን አላላልኝ» አለ።

«አበድክ? ስሜስ? አማትህ ፊት ልታዋርደኝ ነው?»

«አንተ መኪናዋ ወለል ላይ ተኛ፤ ማንም አያይህም። ነገ መልሰህ ታጠብቀዋለህ።»

«ነገ?»

«ወይ እማማ ሲሄዱ።»

መካኒኩ እየተራገመ አላላው፤ እየተራገመም ወለሉ ላይ ተጣጥፎ ተኛ። መኪናዋ በሰፈሩ ሁሉ ላይ እያፏጨች ተነሳች። ምሰሶው ጋ ስትደርስ አቃሰተችና ቀጥ አለች።

የግቢው በር ተከፈተ። ልጆቹ እየሮጡ ወረዱ፤ ሚስቱ ዓይኗን እየጠራረገች ተከተለች።

«ዛሬም?»

«ዛሬም» አለ ባለፉጨቱ። «ያ መካኒክ አጭበርባሪ ነው።»

ከወለሉ አንድ ነገር ባቱን ቆነጠጠው። ጥርሱን ነክሶ ቻለው።

አማቱ ሻርፓቸውን አስተካክለው በር ላይ ቆሙ። ፊታቸው እንደወትሮው ኮስተር ያለ ነው። ትንሽ አመነቱና፣ ሰሞኑን አድርገውት የማያውቁትን፣ እሳቸውም ሊገፉ ወረዱ። ባለፉጨቱ በመስታወቱ አያቸው። በአንድ እጃቸው ብቻ ነበር የሚገፉት፤ በሌላው ትሪውን እንደያዙ ነው።