ለሊሊዎቹ የተገዛው መድኃኒት

ልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ እናቷን ልታስታምም የሳምንት ዕረፍት ወስዳ ስትመጣ መጀመሪያ ያገኘችው አባቷን ነው። አጥሩ ሥር ተንበርክኮ፣ አፍንጫው ቅጠሉን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ከሊሊ አበቦቹ ላይ ቀይ ጢንዚዛ በወረንጦ ይለቅማል።

አርባ ዓመት ሰዓት የጠገነበት ወረንጦ ነው። የያዘውን ጢንዚዛ የሳሙና ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ይጥላል። ዓይኑ ግን ደክሟል፤ አንዱን ሲይዝ ሁለቱ ያመልጡታል። ጢንዚዛዎቹም ተንኮለኞች ናቸው። እጅ ሲቀርባቸው ዱብ ይሉና በጀርባቸው ይገለበጣሉ፤ ጥቁሩ ሆዳቸው ከአፈሩ አይለይም። ከእንቁላላቸው የሚፈለፈሉት ትሎች ደግሞ የገዛ ኩሳቸውን ተሸክመው ቅጠሉን እስከ አገዳው ይግጡታል።

«አባዬ፣ መድኃኒት አትረጭባቸውም?»

«መርዝ እዚህ ግቢ አይገባም።»

«በለቀማ ያልቃሉ ብለህ ነው?»

«እለቅማለሁ» አለ። ከዚያ ቦርሳዋን አየት አደረገና እጁን ዘረጋ። «የስፌት መቀስሽን ለእኔ ስጪኝ።»

ገርሟት ሰጠችው። ቁም ሳጥን ውስጥ ከቶ ቆለፈበት።

እናቷ መስኮቱ ሥር ተኝታለች። ወገቧ ከያዛት ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ከአልጋ አትወርድም። ሊሊዎቹን በደህናው ጊዜ በገዛ እጇ ነበር የተከለቻቸው። አሁን ሲበሉ ተኝታ ታያለች።

«ይኸውልሽ ኑሮዬ» አለች ልጇን አቅፋ። «መስታወቴን ወሰደ። ብርጭቆ ነፈገኝ፤ እንደ ሕፃን በፕላስቲክ ነው የሚያጠጣኝ። ማስታገሻዬን እንኳ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። በቁሜ ቀበረኝ፣ ልጄ።»

ልጅቷ ለማመን ቸገራት። እሷ የምታውቀው አባቷ ጉንዳን ረግጦ የማያልፍ ሰው ነው።

ቀትር ላይ ግን በዓይኗ አየች። እናቷ ሕመሙ ጠንቶባት ታቃስታለች። አባቷ የእጅ ሰዓቱን አይቶ፣ ከደረት ኪሱ አንዲት የማስታገሻ ፍሬ አወጣና ምላሷ ላይ አደረገላት። ውሃውን አስጎነጫትና፦

«ክፈቺ» አላት። «ምላስሽን አንሺ።»

የአፏን ጥግ ሁሉ ፈተሸ።

የልጅቷ ደም ፈላ። «እስረኛ ናት እንዴ?»

ሰውየው ኪሱን ቆለፈና ወደ ሊሊዎቹ ወጣ። እርጅና ሰውን እንዲህም ያከፋዋል ለካ፣ አለች በልቧ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማስታገሻው ሊያልቅ ስለሆነ አባቷ ወደ ክሊኒክ ተነሣ። በሩ ላይ ቆም አለ።

«ከአጠገቧ እንዳትርቂ። የምትለምንሽንም ሁሉ እሺ አትበዪ።»

እግሩ ከመውጣቱ እናቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። «ሳያብቡ ሊያልቁ ነው። አንዴ ሲያብቡ ባያቸው ምን አለበት? ሌላ ምን ለመንኩ?»

ልጅቷ አንጀቷ አልቻለም። ጥግ ላይ ወዳለው ሱቅ ሮጠች።

«ቀይ ጢንዚዛ?» አለ ሻጩ፣ አንድ ጠርሙስ ከመደርደሪያ እያወረደ። «ይሄ ድራሹን ያጠፋዋል። ጓንት አድርጊ። ከልጆችም አርቂው።»

«ቤታችን ልጅ የለም።»

ግቢ ተመልሳ ጥቂቱን መርጫ ውስጥ በጥብጣ፣ ከላይም ከታችም፣ የቅጠሉን ጀርባ ሳይቀር ረጨች። ጢንዚዛዎቹ ዱብ ዱብ አሉ። የአሁኑ ማስመሰል አልነበረም። ቀና ስትል እናቷ በመስኮቱ እያየቻት ትስቃለች። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ስትስቅ አይታት አታውቅም። ልጅቷ ራሷ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ገብታ ግንባሯን ሳመቻትና መርጫውን ልታጥብ፣ የወደቁትን ልትጠርግ ተመልሳ ወጣች።

ጠርጋ ሳትጨርስ አባቷ መጣ። ሽታው ገና ከበሩ አቆመው። ሊሊዎቹን ዞር ብሎም አላያቸውም።

«ምን ረጨሽ?»

«መድኃኒት! ዓይንህ እያየ ከሚያልቁ...»

«የተረፈውስ? ጠርሙሱ የት አለ?»

ልጅቷ አንገቷን ቀና አደረገች። ይህን መልስ ከጠዋት ጀምራ አዘጋጅታዋለች። «አንተ እንዳትደፋው እማዬ ከእጄ ተቀብላ ብርድ ልብሷ ሥር ደብቃዋለች።»

ሽማግሌው ሮጠ። የያዘው ከረጢት ወድቆ ፍሬዎቹ ደጁ ላይ ተበተኑ።

ተከትላው ስትገባ አባቷ አልጋው ሥር ተንበርክኳል። የሚስቱን እጅ በሁለት እጆቹ ይዟል፤ እጇ አይመልስለትም። ባዶው ጠርሙስ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

«ሁለት ጊዜ ከሞት አፍ መንጭቄያት ነበር» አለ፣ ዞር ሳይል። «ያልነገርኩሽ፣ ለልጄ እንዳትነግራት ብላ አስምላኝ ነው።»