የተቃናው ምንሽር

የሹፌሩ የጫላቸው እናት ሻሼ ከጀንበሬ ጠረጴዛ ላይ ሞረዱን አንስታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቹን በሁለት እጇ አጠፈቻቸው። «የልጄን ጠመንጃ መልሰህ አጣምምልኝ» አለችው። የጅቡቲው አምቡሊ ሰፈር በቀትር ፀሐይ ይነድድ ነበር፤ እሷ ግን ከምግብ ቤቷ ጫማ እንኳ ሳታደርግ ነበር የመጣችው።

ጀንበሬ ግራ ገባው። ጫላቸው ያን የአባቱን አሮጌ ምንሽር በጭነት መኪናው ደብቆ ሲያመጣለት፣ «አገር ቤት ጅብ በጎቻችንን ፈጀ፤ ጥይቱ ወደ ግራ እየሄደ አስቸገረን» ብሎት ነበር። በውትድርና ዘመኑ መሣሪያ ጠጋኝ የነበረው ጀንበሬ ሲፈታው፣ እንጨቱ አብጦ ብረቱን ወደ ጎን ሲገፋው አገኘ። እንጨቱን በሞረድ ፍቆ ብረቱን አላቀቀው፤ ማነጣጠሪያውንም አቃናው። ጅቡቲ ከተሰደደ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት የሠራው ሥራ አልነበረም።

«የምን ጅብ?» አለች ሻሼ። «አባቱን የገደለውን ሰው ሊገድል ነው። አምና ተኩሶ ስቶታል። ዘንድሮም ይሳተው፤ አንድ ሬሳ ይበቃኛል።»

«እትዬ ሻሼ... ዛሬ ጠዋት መጥቶ ወሰደው። ይሄኔ ድንበሩን አልፏል።»

እጁን ለቀቀችው። «አሁን ይመታል?»

ጀንበሬ ትናንት በሰፈሩ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ጣሳ ላይ ተኩሶ ሲሞክረው፣ ጥይቱ መሃሉን ሲበሳው አይቷል።

«አይመታም» አላት። «አልሆነልኝም፤ እንደ ድሮው ይስታል።»

ሻሼ ዓይኑን ከዓይኗ እስኪያሸሽ ድረስ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችና ወጣች።