የሽማግሌዎቹ ምራቅ

ነገሌ ቦረና ወጣቶቿን ለብሔራዊ ውትድርና ገብራ ጨርሳ፣ በየደጃፉ የሚታየው ሽበትና ምርኩዝ ብቻ ሆኗል። ስለዚህ ቀድሪያ ወንድ ልጅ መገላገሏ ሲሰማ የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ሊመርቅ ጎረፈ። በአገሩ ወግ ሽማግሌ የሚመርቀው እንትፍ እያለ ነው። የልጁን አባት ሀሺን ለቀበሌው ጠቁመው ያስያዙት እነዚሁ ሽማግሌዎች ናቸው፤ መኪና ላይ ሲጫንም በዚሁ ምራቅ መርቀው ሸኙት። አልተመለሰም።

ቀድሪያ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ «አባቶቼ፣ ዛሬ እንኳ ይቅርበት፤ ጉንፋን ይዞታል» አለች።

«ምርቃት እንቢ ይባላል እንዴ?» አሉ ኦቦ ደበላ፣ ጥርስ አልባ ድዳቸውን እያሳዩ። የሚያላምጡትን ትምባሆ ወደ ጉንጫቸው ገፉና «ጉዳዹ! እደግ!» ብለው ተፉ። ቡናማው ለሃጭ በሕፃኑ ጥቁር ጸጉር ላይ ተዝለገለገ። ሌሎቹም ተራ በተራ ተፉበት፤ ተፍተውም ከንፈራቸውን ላሱ።

ምርቃት በሽማግሌ ፊት መጥረግ ትልቅ ነውር ነው፤ ቀድሪያ ግን ሻሿን ከራሷ ገፍፋ የልጇን አናት ፈተገችው። ለሃጩ ለቀቀ። ከሥሩ የወጣው ጸጉር ግን ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። ሕፃኑም አላለቀሰም፤ ትምባሆ እንደለመደ ሽማግሌ እየሳለ አክታውን ሳበ።

«አይዞሽ ልጄ፣ እኛ አለንለት» አሉ ኦቦ ደበላ፣ አፋቸውን ከፍተው እየሳቁ።

ባዶ በነበረው ድዳቸው ላይ ሁለት የወተት ጥርሶች በቅለዋል።