ደሜን ለእታለም

ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛዋን ፀጉር እያጠበች ሳለ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ወንድሟ ሹፌሩ ይህን የሰማው አውቶቡሱን መነሻው ላይ አቁሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ነበር። ቁልፉን ለባልደረባው ወርውሮ ወደ ሆስፒታል ሮጠ። መንገዱን ሳያጋምስ ግን ግድግዳ ተደግፎ ትንፋሹን መሰብሰብ ነበረበት።

"ድንጋጤ ነው" አለ ለራሱ፤ እንደገና ሮጠ።

እታለም ነው የሚላት። እናታቸው እንጀራ ፍለጋ ስትሮጥ ድንገት ልቧ ቀጥ ብሎ ከሞተች በኋላ አጉርሳ ያሳደገችው እሷ ናት። የእናታቸውን ገላ ሁለቱም ወርሰዋል። የሰፈር ልጆች "ትልቁ በርሜል፣ ትንሹ በርሜል" እያሉ ሲያበሽቋቸው እሷ ድንጋይ ታነሳ ነበር፤ እሱ ከጀርባዋ ይደበቃል። መደበቂያ የሚሆን ጀርባ ነበራት።

ኋላ ላይ ውፍረቱ ጉልበቷን ያዘው። ስኳር በሽታም ተጨመረ። ሐኪሞች ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና እናሳንሰው ሲሏት እሺ አለች።

"አንተም ና፣ አብረን እንገላገል" አለችው።

"በቁሜማ ቢላ አይነካኝም!"

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቤቱ ሳቅ በሳቅ ነበር። የድሮ ቀሚሷን ለብሳ "አንተም ግባ፣ ቦታ አለ" ትለዋለች። የስኳር መድኃኒቷን አቆመች። አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቷ ዘፈን እያንጎራጎረች ትወጣ ጀመር።

ከዚያ ሌላው መጣ። የሰው ፀጉር ስታሳምር የምትውለው ሴት የራሷ ፀጉር ሳስቶ በሻሽ መሸፈን ጀመረች። ጣፋጭ ስትቀምስ ያልባትና ያንቀጠቅጣታል። እርጥብ ወለል ላይ ተንሸራታ የእጇ አንጓ እንደ ደረቅ እንጨት ተሰበረ። ከወረደው ኪሎም ጥቂቱ ተመለሰ። ቪታሚኖቿን እድሜ ልክ እንድትውጥ፣ በየጊዜውም እንድትመረመር ተነግሯት ነበር፤ ሥራ ሲበዛባት ሁለቱንም ተወቻቸው።

"ቀስ ብለው ነው የገደሉሽ" ይላታል ሹፌሩ።

"ሂድ ወዲያ! ቆሜ እየሠራሁ? ይልቅ አንተ እንቅልፍህን ተኛ።"

እንቅልፍማ ከየት ይምጣ? ጋደም ሲል የእሷ ሐሳብ ደረቱን አፍኖ ያስነሳዋል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ማደር ለምዷል። ቀን ቀን ደግሞ ፔዳል ሲረግጥ ስለሚውል ማታ ጫማው ከእግሩ አልወጣ ይላል። ጭንቀት ሰውን ምን እንደሚያደርገው እሱ ያውቃል።

ሆስፒታል ሲደርስ እህቱ አልጋ ላይ ተዘርግታለች። ከንፈሯ ከአንሶላው አይለይም።

ወጣቷ ሐኪም ተረጋግታ አስረዳችው። "ደሟ በጣም አንሷል። እንዲህ ዓይነት ቀዶ ጥገና ከተደረገ በኋላ ሰውነት ከምግብ ብረት እንደልብ አይወስድም። ክትትሏንም አቋርጣለች። አሁን ደም እንሰጣታለን፣ ከዚያ..."

እሱ የሰማው ደሟ ማለቁን ብቻ ነው።

"የኔን ውሰዱ!"

"ደም አለን፣ አይጨነቁ።"

"የኔን ውሰዱ እያልኩሽ! ከአንድ ማኅፀን ነው የወጣነው። ምን ጠብታ አለኝ ከእሷ የሚበልጥብኝ?"

ድምፁ ኮሪደሩን አናወጠው። አንዲት ነርስ ክንዱን ይዛ ጥግ ላይ ወዳለች ክፍል ወሰደችው። ደም መስጠት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ መታየት አለበት አለችው። የግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ ጠመጠመች፤ አልበቃ አለ። ሰፋ ያለ አመጣች። ለካች። እንደገና ለካች።

"ጋሼ፣ ደረጃውን በሩጫ ነው የወጡት?"

"እህቴ እየሞተችብኝ ተንሸራሽሬ ልውጣ?"

ነርሷ ወጥታ አንድ ባልደረባዋን ይዛ ተመለሰች። ሸሚዙን አስወልቀው ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጠፉበት። የልብ ምት የሚያነበው ማሽን ወረቀት ተፋ። ሁለቱ ወረቀቱን አዩ፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ።

"ደም ለመስጠት ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?"

"ትንሽ ይታገሡን። ከዚህ እንዳይነሱ።"

አንድ ሰዓት ያህል ጠበቀ። ያኔ ገባው። እያዘገዩት ነው። ሰው መርዶ ሲነገረው ጮሆ እንዳይረብሽ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ለብቻው ያስቀምጡታል፣ በሥራ የተጠመዱ ያስመስላሉ። ውጭ የሚሮጥ እግር ሰማ። የአልጋ ጎማ ሲንኳኳም ሰማ። ሄደች። እታለም ሄደች።

ሊነሳ ሲል ነርሷ ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው።

"ቁርጡን ንገሪኝ፣ እህቴ። ወንድ ነኝ፣ እችለዋለሁ።"

"ዶክተሯ መጥታ ትንገርዎት" አለች ነርሷ።

ትልቁ ሰውዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። የቀዶ ጥገናዋ ቀን በር ላይ ቆሞ መከልከል ነበረበት። አልፈርምም፣ አታስገቧትም ብሎ መጮህ ነበረበት። አሁን ማን አለው? ማን "ወንድምዬ" ይለዋል? "ፈጣሪዬ" አለ ጣቶቹ መሃል፣ "እኔን አድርገኝ፤ እሷን ተዋት።"

በሩ ተከፈተ።

ሐኪሟ ገባች። ከኋላዋ፣ ደም የተንጠለጠለበትን ዘንግ እየገፋች፣ በራሷ እግር የቆመች እታለም ገባች። ከንፈሯ ላይ ትንሽ ቀለም ተመልሷል። ፊቷ ግን ግራ ገብቶታል፤ ለምን እንደተጠራች ገና ማንም አልነገራትም።

"እታለም!" አለ ሹፌሩ፤ እንባው ሳይደርቅ ሳቀ። "አይዞሽ! ዶክተሯ ምንም ትበል ምን፣ እኔ አለሁልሽ።"

ሐኪሟ ማሽኑ የተፋውን ወረቀት አንስታ አየችውና ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞረች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"የታማሚው ቤተሰብ እርስዎ ብቻ ነዎት?"