የአራት ክፍል ልብ ወለድ

«ውኃና መብራቱስ በማን ነው?» አሉ የደራሲዋ አክስት።

አሳታሚው እስክሪብቶውን ለደራሲዋ ሊያቀብል የዘረጋው እጁ አየር ላይ ቀረ። ምድር ቤት ያለው የማተሚያ ማሽን ሥራ ላይ ስለነበር፣ ጠረጴዛው ላይ ያሉት የሻይ ብርጭቆዎች ሳያቋርጡ ይንቀጠቀጣሉ።

«የቱ ውኃ፣ እትዬ?»

«ለምሳሌ ነው ያልኩህ። ወጪው በማን ነው ለማለት ነው።»

ደራሲዋ አንገቷን ደፋች። ውሉን ለመፈረም ብቻዋን ልትመጣ ነበር ያሰበችው። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት፣ ጓሮ የሠሯቸውን ክፍሎች እያከራዩ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያስተማሯት አክስቷ ግን፣ «አንቺን ብቻሽን? ታክሲ ላይ መልስ እንኳ መጠየቅ የምታፍሪውን?» ብለው ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ቀደሟት።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለ አሳታሚው። «ልብ ወለዱን ከእሷ እገዛለሁ። ገንዘቡን ዛሬውኑ፣ በአንድ ጊዜ እከፍላለሁ። ከዚያ በኋላ ኅትመቱም፣ በድምፅ መተረኩም፣ ወደ ሌላ ቋንቋ መተርጎሙም፣ ፊልም ቢሠራበትም የእኔ ነው። እሷ ተገላገለች።»

ከዚህ ሁሉ ደራሲዋ ጆሮ ውስጥ የቀረችው «ዛሬውኑ» የምትለዋ ነበረች። ያ ገንዘብ ካለ፣ ከሰዓት በኋላ ከቤት ቤት እየዞሩ የሰው ልጅ ማስጠናት ቀረ፤ ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ብላ ሁለተኛውን መጽሐፍ ትጽፋለች። በስልኳ የምታያቸው መካሪዎች «ጸሐፊ ተኝቶም ገንዘብ ይግባለት፤ ከአንድ መጽሐፍ ብዙ ምንጭ ይቅዳ» ይላሉ። ምንጩ እስኪፈልቅ ምን እየጠጡ እንደሚቆዩ ግን ነግረዋት አያውቁም።

«አራት ክፍል ነው በለኛ» አሉ አክስቷ ጣታቸውን እያጠፉ።

«ምኑ?»

«መጽሐፏ። ኅትመቱ አንድ፣ ድምፁ ሁለት፣ ትርጉሙ ሦስት፣ ፊልሙ አራት። አንተ ከእነዚህ የምትገባበት የቱ ነው?»

አሳታሚው ሳቀ። ሲስቅ ፊቱ ደግ ነው። «እውነቱን ልንገርዎት? እኔ የማውቀው ማተም ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ሦስቱን ቆልፈህ ልታስቀምጣቸው ነዋ። እንዳንተ ያለ ተከራይ ነበረኝ። ሁለት ክፍል ያዘና አንዱን አሮጌ ጎማ ሞላበት።» ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ። «አይሸጥም፣ ጭምቴ። ይከራያል። እሱ አንዱን ክፍል ይያዝ፤ በተሸጠ ቁጥር ድርሻሽን ያምጣ። የቀሩት ተከራያቸው እስኪመጣ ይቆዩ። ባዶ ክፍል እህል አይበላ።»

አሳታሚው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልተቆጣም። «እትዬ፣ ቤት ሰው ቢያጣም ግድግዳው አለ። መጽሐፍ አንባቢ ቢያጣስ? ማንም የማያውቃት ልጅ የመጀመሪያ ሥራ ነው። እኔ ከገዛሁት ኪሳራው የኔ ነው። በድርሻ ከሆነ ግን፣ መጽሐፉ ካልሄደ እሷም ባዶ እጇን ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንዳትጥል።»

አክስቷ ያጠፏቸውን ጣቶች ዘረጉ። ተከራይ ጠፍቶ ክፍሎቹ ባዶ የከረሙባቸውን ወራት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ በእነዚያ ወራት «እኔ በልቻለሁ፣ አንቺ ብዪ» እያሉ ሳይበሉ ያደሩትን ደግሞ ደራሲዋ ታውቃለች።

«ጭምቴ» አሉ በመጨረሻ፣ አሳታሚው ክፍሉ ውስጥ የሌለ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ መጽሐፍሽን አላነበብኩትም። የማውቀው የብሎኬት ቤት ነው። እስቲ ንገሪኝ፤ ሰው ይኖርበታል?»

«እንጃ» ልትል አፏ ተዘጋጀ። ከልጅነቷ ጀምሮ ያዳናት ቃል ነው፤ እንጃ ካሉ የሚቀጥል ጥያቄ የለም። እንጃ ብትል አክስቷ ገንዘቡን ቆጥረው ይቀበላሉ፣ አይቀየሟትም። ይኖርበታል ካለች ግን ሌላ ዓመት እሳቸው ጫንቃ ላይ ልትሆን ነው። ያንን አክስቷም ያውቃሉ። አውቀው ነው የጠየቋት።

«ይኖርበታል» አለች።

ድምፅዋን ማሽኑ ዋጠው። «ምን አልሽ?» አለ አሳታሚው።

«ይኖርበታል። እኔ ስንት ዓመት ኖሬበታለሁ፤ ዝናብ አያስገባም።» የድምፅዋ መጉላት ራሷን አስደነገጣት፤ ቢሆንም አላቆመችም። «አልሸጥም። ኅትመቱን ብቻ ይውሰዱ። እሱንም ለተወሰነ ዓመት።»

አሳታሚው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «እንደሱ ከሆነ ሌላ ውል አስጽፋለሁ። ዛሬ ግን የምሰጥሽ ነገር የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ቀብድስ?» አሉ አክስቷ።

«እትዬ» አለች ደራሲዋ።

«እሺ፣ ዝም ብያለሁ።»

ደረጃውን ሲወርዱ አክስቷ መሀል ላይ ቆሙ። ደራሲዋ ጉልበታቸውን አሟቸው መሰላት፤ ወይም ገንዘቡ ቆጭቷቸው።

«ለመሆኑ ስለ ምንድን ነው?» አሉ።

«ምኑ?»

«መጽሐፉ ነዋ። ገብቼ ባላየሁት ቤት እኮ ነው ስከራከር የዋልኩት።»

እስካሁን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ከየት እንደምትጀምር ግራ ገባት። «አንዲት ሴት አለች» አለች፤ «ስልክ ቤት የምትሠራ። ቀኑን ሙሉ ሰው ከሰው ስታገናኝ ትውልና፣ ለእሷ የሚደውል ሰው የላትም።»

«ምስኪን» አሉ አክስቷ። «ከዚያስ?»

ከላይ ሁለት ሠራተኞች ጥራዝ ተሸክመው እየወረዱ ነበር። አክስቷ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው፣ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት።